አሥራ አምስተኛው

…አላስታወሳትም፣ ደረቷ ላይ የተሰፋውን ስም አንብቦ ነው የጠራት፣ እንዴት አደርሽ ሃምሳ አለቃ ላንድሪ አለ፣ ፈገግም ብሏል፣ ድምፁ ያው ነው፣ ወፍራም አንገቱ ያው ነው፣ ስሟ ግን ከአፉ ሲወጣ ዛሬ ገና የሰማው ስም ነው፣ ኦዴት ላንድሪ ይህን ሰውዬ ስድስት ዓመት ሙሉ በሐሳቧ ስታንበረክከው፣ ስታስለምነው፣ አንሥታ ደግሞ ስታንበረክከው ስትኖር እሱን አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብላው አታውቅም። አንድ ቀን።

እንደዚያ ይሻላል። የማያውቅሽን ሰው መምታት ይቀላል፣ እጁን አያነሣም።

እንዴት አደሩ ሻምበል ባሻ፣ ትላለች፣ ድምፅዋ ውስጥ ምንም የለም፣ ጎሽ ኦዴት፣ እንደዚያ ነው፣ ሰሌዳውን ደረቷ ላይ ደግፋ ካርዱን ታነባለች፣ እንደማታውቀው ሁሉ። ሆልኮም፣ ሮይ። ማዕረግ ሻምበል ባሻ። ዕድሜ አርባ አንድ። ከሚዙሪ ጦር ሰፈር ተዛውሮ የመጣ። ዐርብ የመሐንዲስ ሻምበሉን ይረከባል፣ የእሷን ሻምበል፣ ከዐርብ ጀምሮ ተነሽ ሲላት ትነሣለች ተቀመጪ ሲላት ትቀመጣለች፣ ካለፈ ነው እንግዲህ፣ መመሪያው ግልጽ ነው፣ ከአምስቱ የአካል ብቃት ፈተናዎች በአንዱ ዝቅተኛውን መጠን ያላሟላ ተፈታኝ ፈተናውን በሙሉ እንደወደቀ ይቆጠራል፣ የወደቀ ደግሞ የተዋጊ ክፍል ኃላፊነት አይረከብም። ክብደቱን አንሥቷል፣ ያ በሌላ ቆጣሪ ፊት ነበር። አሁን ፑሽ አፕ። የሚያስፈልገው አሥራ አምስት። አሥራ አምስት ብቻ፣ እሷ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ከመጀመሪያው ቡድን ጋር አርባ ሁለት ሠርታ ነው ላቧን ጠርጋ ሰሌዳ የያዘችው፣ በወንዱ ሚዛን፣ አሁን ሌላ ሚዛን የለማ።

ሜዳው ገና በጤዛ ርሷል፣ የጆርጂያ ቀይ አፈር ጫማዋ ሥር እንደ ሊጥ ይለጠፋል፣ ከመስመር አምስት አሥር አለቃ ታቫሬስ በሹክሹክታ ይለክፋታል፣ አቦ ዕድለኛ ነሽ፣ ዐርብ የሚገዛሽን ሰውዬ ዛሬ እግርሽ ሥር አገኘሽው፣ ተንከባከቢው እንጂ፣ እኔ ብሆን አንዱን ሁለት እያልኩ ነበር የምቆጥርለት። ዝም በል ታቫሬስ። ምን አልኩ? የገና ፈቃድሽን አስቢ ነው ያልኩት። ዝም በል።

ዕድል አይደለም። ስም ዝርዝሩ ሰኞ በር ላይ ሲለጠፍ ሆልኮም አራተኛ መስመር ላይ መሆኑን አየች፣ ወደ ፔቲግሩ ሄደች፣ ፈተናውን የሚመራው ወጣቱ መቶ አለቃ ነው፣ መቶ አለቃ፣ አራተኛውን እኔ ልያዘው፣ ከዛፉ ጥላ አጠገብ ስለሆነ ነው አለች፣ እሱም እሺ አላት፣ ሰው ጥላ ሲፈልግ ማን ይጠረጥራል።

የሆልኮምን እጅም ያየችው እሷ ብቻ ናት። የዛሬ ሁለት ሳምንት በአዳራሹ አዲሱ መመሪያ ሲነበብ፣ በተዋጊ ክፍል ላሉ ሁሉ ወንድ ሴት ሳይባል አንድ መለኪያ ሲባል፣ ይሄ ሰውዬ ከፊት ተነሥቶ አጨበጨበ፣ አሁን ገና ሠራዊት ሆንን አለ፣ አንድ ሠራዊት አንድ ሚዛን፣ ወይዛዝርቶቻችን እንግዲህ ይበርቱ፣ ወንዶቹ ሳቁ፣ ደግሞ ስሙኝ የሐኪም ወረቀት ይዞ ከፈተና የሚቀር ሰው በእኔ ሻምበል ውስጥ ቦታ የለውም፣ አሁንም ሳቁ፣ እሷ ግን እጁን እያየች ነበር፣ ሲያጨበጭብ ግራው አይነቃነቅም፣ ግራው እንደ ሳህን ተዘርግቶ ቆሟል፣ ቀኙ ነው እየሄደ የሚመታው። ከመኪናው ሲወርድም አየችው፣ በግራው በኩል ያለውን በር በቀኝ እጁ ተሻግሮ ነው የሚዘጋው። የግራ ትከሻው ጅማት ተበጥሷል። ሐኪም አትፈተን ብሎታል፣ ብሎት መሆን አለበት፣ ወረቀቱም መሳቢያው ውስጥ አለ፣ ግን እንዴት ያውጣው፣ በራሱ አፍ በሩን ዘግቶታል። ሰው በቆፈረው ጉድጓድ ሲባል ትሰማ ነበር፣ ጠርዙ ላይ ቆሞ ማየት ግን ሌላ ነው።

ተፈታኙ ቦታውን ይያዝ፣ ትላለች።

ይንበረከካል። ይተኛል። የራስ ቅሉ ከኋላ መሳሳት ጀምሯል።

የዛሬ ስድስት ዓመት ሚዙሪ ኅዳር ነበር፣ ብረቱ ላይ ውርጭ ነበረበት፣ ያኔ ፈተናው ፕላንክ፣ በክርን ተደግፎ ቀጥ ብሎ መቆየት፣ አልነበረም፣ አግዳሚ ብረት ላይ ተንጠልጥለሽ ጉልበትሽን ወደ ላይ ስበሽ ክርንሽን ማስነካት ነበር፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንዲት፣ ለማለፍ የምትጠየቂው አንዲት ነበረች፣ የመሐንዲስ መሪዎች ትምህርት ቤት ቦታዋ ተይዞላት ነበር፣ ሻንጣዋ በር ላይ ነበር። ቆጣሪው ይሄ ሰውዬ ነበር። የቆጠራውን ልማድ ወታደር ሁሉ ያውቃል፣ ቆጣሪ ተሳሳትህ አይልም፣ አያስረዳም፣ ልክ ስትሠራ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ሳትሠራ የመጨረሻውን ቁጥር ይደግምልሃል፣ ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት ከተባልክ ሰባት ላይ ቀርተሃል፣ በቃ፣ ከስድብ ይብሳል፣ ግን ቁጥር ነው ስድብ አይደለም ማንን ትከሳለህ። እሷ ደግሞ የሚደገምላት ቁጥር እንኳ አልነበራትም። ሳበች። ነካ፣ ሱሪዋ ክርኗን ሲዳስሳት ተሰምቷታል፣ ቆዳ ይዋሻል እንዴ? ዜሮ አለ። እንደገና ሳበች። ዜሮ። ነክቷል! ብላ ጮኸች ተንጠልጥላ፣ ብረት ላይ ሆኖ አይወራም፣ እሷ ግን ጮኸች፣ መቶ ሃያ ሰው ዞሮ አየ፣ እሱም ቀና ብሎ፣ ምንም ሳይቆጣ፣ ለሕፃን እንደሚናገር ሰው፣ የቆጣሪው ቃል የመጨረሻ ነው ልጄ፣ ቁጥር አይዋሽም። ዜሮ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ዜሮ ሆነ። በምግብ ሰልፍ ላይ፣ ዜሮ ቋሊማ ትፈልጊያለሽ? ለዜሮ ዜሮ እንቁላል አድርግላት። ዜሮ ስልክ ተደውሎልሻል። ትምህርት ቤቱን ያገኘው አንድ የኦሃዮ ልጅ ነው፣ ሻንጣዋን መልሳ ስትፈታ ካልሲዎቹ እንደተጠቀለሉ ነበሩ።

ቀጥሎ የሆነው ነው ግን ያቃጠላት፣ እዚያ ላይ ነው የተቃጠለችው። ጥቂት ቆይቶ አንድ ወረቀት መጣ፣ ሁለት መስመር፣ የብረቱ ፈተና ቀርቷል፣ ትክክለኛ መለኪያ ሆኖ አልተገኘም፣ በምትኩ ፕላንክ ይሁን። አለቀ። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም፣ የወደቁት ይመለሱ የሚል የለበትም፣ ብረቶቹን እንኳ የነቀላቸው የለም፣ ያው እዚህም ሰፈር ከሜዳው ጫፍ ቆመዋል፣ ዝገዋል፣ ወታደሩ ያላበው ሸሚዝ ያሰጣባቸዋል። ኦዴት ላንድሪ የወደቀችው በልብስ ማስጫ ነው።

ዝግጁ? ትላለች።

ዝግጁ።

ጀምር።

አንድ።

ደንቡን በቃሏ ታውቀዋለች፣ ተፈታኙ ደረቱን መሬት ካስነካ በኋላ ሁለቱንም እጆቹን አንሥቶ ክርኑ ሳይታጠፍ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል፣ መልሶ እጆቹን ከሥሩ አስገብቶ ሰውነቱን ቀጥ አድርጎ ይነሣል። ሁለት። ባጭሩ በደረትህ ተኝተህ መስቀል ሠርተህ ትነሣለህ። ሦስት። ጥሩ ይሠራል ርጉሙ። አራት። ቀጥ ያለ ነው፣ ምንም አይወጣለትም፣ ትቀማዋለች እንዴ? ንጹሑን ትቀማዋለች? አምስት። አስባበት ነበር፣ ሌሊቱን አስባበት ነበር፣ ገና አራትን ሲሠራ ሦስት ልትለው፣ አምስትን ሲሠራ ሦስት፣ ስድስትን ሲሠራ ሦስት፣ ነክቷል እስኪል፣ ቀና ብሎ እስኪያያት፣ ስድስት፣ ግን አፏ ያየችውን ይቆጥራል፣ አፏ እንደዚያ ሆኖ ነው ያደገው፣ ሰባት።

የአባቷ ነገር። አባቷ ሉዊዚያና ውኃ ዳር ሽሪምፕ አጥማጅ ነበር፣ የሚገዛው ደግሞ ዱፕላንቲስ የሚባል በረዶ ቤት ያለው ነጋዴ፣ ሲመዝን በጫማው ጫፍ ሚዛኑን ከሥር ቀና ያደርጋል፣ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አይናገርም፣ በረዶው የእሱ ነው። ስምንት። አንድ ጠዋት አባቷ ከተመዘነ በኋላ ያልተመዘነ አንድ ሙሉ ቅርጫት አንሥቶ ሚዛኑ ላይ ገለበጠለት፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ይሄ ለእግርህ ነው አለው። ሄደ። ዘጠኝ። እሷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፣ ጀልባው ውስጥ ተቀምጣ በንዴት አለቀሰች፣ አባዬ ሞኝ ነህ፣ ለሌባ ደግሞ ይጨመርለታል? አባቷ ገመዱን እየጠቀለለ ይስቃል፣ ቆይ አንቺ፣ ቆይ ብቻ ታያለሽ። አሥር። ምን ታያለች። ሞኝነት ነው ያየችው።

አሥራ አንድ።

ግራው ዘገየ። አየች። ቀኙ ደርሶ ይጠብቃል፣ ግራው ገና መንገድ ላይ ነው፣ ሣሩን እየዳሰሰ የሚሄድ ነው የሚመስለው፣ ክርኑ ታጥፎ ቀረ፣ ተነሣ፣ አልተዘረጋም፣ በማንም ዓይን አልተዘረጋም፣

አሥራ አንድ።

ኦ። ስድስት ዓመት የጠበቀችው ቃል እንዲህ ቀላል ነው? ምንም አይልም፣ አይከራከርም፣ ይተኛል፣ ደረት፣ እጅ፣ ግራው ተዘረጋ በትግል፣ አሥራ ሁለት። የላቡ ጠብታ ከአፍንጫው ጫፍ ይወርዳል። አሥራ ሦስት። ግራ ክርኑ ታጥፎ ይቀራል። አሥራ ሦስት። ደገመችለት፣ እውነቱን ነው የደገመችለት፣ አልሰረቀችም፣ እንዴት ደስ ይላል በእውነት መግደል፣ እጅሽ ንጹሕ ነው፣ ማንም አይከስሽም፣ አንተስ ያን ጊዜ እንዲህ ደስ ብሎህ ነበር? ወይስ ምንም አልተሰማህም፣ ቁርስ አስበህ ነበር? አሥራ አራት።

አሥራ አራት።

አሁን ሰው ዞሯል። የታቫሬስ ተፈታኝ ጨርሷል፣ ሌሎቹም ጨርሰዋል፣ ወታደሮቹ ከመስመሩ በስተቀኝ ተሰብስበው ቆመዋል፣ ዐርብ የሚያዛቸውን ሰው ነው የሚያዩት፣ አንዱ በርቱ ሻምበል ባሻ! ይላል፣ አንዲት ብቻ! አንዲት! አንዲት ናት የቀረችው!

አንዲት።

አሥራ አራት ትላለች። ስድስት ዓመት በተለማመደችው ድምፅ፣ ሳትቆጣ፣ ለሕፃን እንደሚናገሩት። አልለመናትም፣ ቀና ብሎ አላያትም፣ ለምነኝ እንጂ፣ ነክቷል በል እንጂ፣ ጩኽ፣ እኔ ጮኼ ነበር። ሰዓቱ ሃያ ሰከንድ ቀርቷል ይላል። ሆልኮም ክንዶቹን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ተነሥቶ ያርፋል፣ ጀርባው እንደ ጀልባ ይወዛወዛል፣ አሥራ አምስት ሰከንድ፣ ይወርዳል፣ ደረቱ ሣሩን ነካ፣ ቀኙ ሄደ፣ እንደ መቀስ ተዘረጋ፣ ሰዉ ያለው በቀኙ በኩል ነው፣ ሰዉ የሚያየው ቀኙን ነው፣ ግራው ያለው በእሷ በኩል ነው፣ ግራው ተንቀሳቀሰ፣ ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ። ክርኑ ወደ ላይ ቀርቷል። ጣቶቹ አልተከፈቱም። ያውቃል፣ ግንባሩን ሣሩ ላይ አሳረፈ፣ ያውቃል፣ ከዚያም እጁን ሰብስቦ፣ አምስት ሰከንድ፣ በወገቡ፣ በጥርሱ፣ በምን እንደሆነ እንጃ፣ ተነሣ።

አፏ በአሥራ አራት ተሞልቷል። ይዛዋለች። ምላሷ ላይ ነው። ሰውዬው ወድቋል፣ ዐርብ የለም፣ ሻምበል የለም፣ ቃሉን ማለት ብቻ ነው፣ እውነትም ነው። ከዚያስ? ወድቆ ወደ መኪናው ይሄዳል፣ በሩን በቀኝ እጁ ይዘጋል፣ የሐኪሙን ወረቀት ከመሳቢያው ያወጣል፣ ትከሻው ሲድን ደግሞ ይፈተናል፣ ያልፋል፣ ቁጥር አይዋሽም እያለ ይኖራል፣ ወደቅሁ ግን በሐቅ ነው ይላል፣ ለልጆቹ ያወራዋል፣ ያኮራዋል። ደግሞ ያኮራዋል! ዱፕላንቲስ ከዚያ ጠዋት በኋላ የአባቷን ፊት ቀና ብሎ አይቶ አያውቅም። አሁን ነው የመጣላት፣ አሁን፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሲያገኘው መንገድ ይሻገር ነበር፣ ሚዛኑን ሲያነሣ እግሩን ወደ ኋላ ሰብስቦ እንደ ተቀጣ ልጅ ይቆም ነበር፣ አባቷ ግን ይስቅ ነበር፣ ቆይ አንቺ።

ይሄ ለእግርህ ነው።

አሥራ አምስት፣ ትላለች ኦዴት፣ ጮክ ብላ፣ ሜዳው እስኪሰማ። ጊዜው አልቋል።

ወታደሮቹ ይጮኻሉ፣ ያፏጫሉ፣ ታቫሬስ ሰሌዳውን ይመታል፣ ሆልኮም ግን ከመሬት አልተነሣም፣ በጉልበቱ ቆሞ ግራ እጁን በቀኙ ይዞ ያየዋል፣ ቆይቶ ይነሣል፣ ይጠጋታል፣ የላቡ ሽታ ደረሳት፣ ካርዱን ታቀርብለታለች፣ ከእያንዳንዱ ፈተና አጠገብ ተፈታኙ የስሙንና የአባቱን ስም የመጀመሪያ ፊደላት ይጽፋል፣ ሥርዓቱ ነው፣ አሥራ አምስት ብላ ጽፋለች፣ የራሷን ስም ጽፋለች፣ እርሳሱን ትሰጠዋለች።

አይቀበላትም። ሃምሳ አለቃ፣ ይላል ዝቅ ብሎ፣ ግራዬ አልተዘረጋም።

ምን አሉኝ ሻምበል ባሻ?

አልተዘረጋም። አሥራ አራት ነው።

እኔ አሥራ አምስት ቆጥሬያለሁ።

እኔ ነኝ የሠራሁት፣ አውቀዋለሁ እኮ።

የቆጣሪው ቃል የመጨረሻ ነው፣ ትለዋለች። ቁጥር አይዋሽም።

ያያታል። አሁን ገና ያያታል፣ የደረቷን ስም አይደለም፣ ፊቷን፣ ዓይኑ ከፊቷ ላይ የሆነ ነገር እየቆፈረ ይፈልጋል፣ አገጯ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ከትከሻዋ በላይ አልፎ ሄደ፣ ከሜዳው ጫፍ፣ ሸሚዝ ወደተሰጣበት ብረት፣ ተመለሰ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ዜሮ፣ ይላል፣ ድምፅ ሳያሰማ።

አቤት፣ ትላለች ኦዴት።

መስመር አራት፣ ይጣራል መቶ አለቃ ፔቲግሩ ከወዲያ፣ ምን ችግር አለ?

ሆልኮም ወደ መቶ አለቃው ይዞራል። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት የምትበቃው፣ አሥራ አራት ነው የሠራሁት መቶ አለቃ፣ ይህን ቢል፣ እዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይህን ቢል የእሷ ማዕረግ ሊገፈፍ ይችላል፣ ሐሰት ጽፋለች፣ በስሟ፣ በእጇ፣ ግን ልቧ እንዲህ የሚመታው ለዚያ አይደለም፣ ከዚያ የባሰ አለ፣ ይህን ቢል ሰውዬው እውነተኛ ነበረ ማለት ነው፣ ያኔም እውነቱን ነበር ማለት ነው፣ ጉልበቷ አልነካም ነበር ማለት ነው፣ ስድስት ዓመት ያቀፈችው ጥላቻ መቆሚያ የለውም ማለት ነው። እንዳትለው። እባክህ በል። አይ፣ እንዳትለው። ሰውየው ትንፋሹን ይስባል፣ ወታደሮቹን ያያል፣ ጥርሳቸውን ገልጠው የሚጠብቁትን፣ ዐርብን ያያል።

የለም መቶ አለቃ፣ ይላል። ምንም ችግር የለም።

እርሳሱን ከእጇ ይወስዳል። ሁለት ፊደል ይጽፋል፣ ሁለተኛው ከመስመሩ ወጣ። ቀና አይልም። እርሳሱን እጇ ላይ ሳይሆን ሰሌዳው ላይ አስቀምጦ ወደሚቀጥለው ፈተና ይሄዳል፣ ሰዎች ጀርባውን ይመቱታል፣ ጎበዝ ሻምበል ባሻ፣ ጨንቆን ነበር እኮ፣ እሱ በእያንዳንዱ ምት ትከሻው ትንሽ ትንሽ ዝቅ ይላል።

ይመችሽ፣ ይላል ታቫሬስ፣ ዓይኑን እየጠቀሰ፣ የገና ፈቃድሽን አገኘሽው። አንቺ ግን ሰውዬው አመሰገነሽ እንዴ? ፊቱ እንዲያ የሆነው ለምንድን ነው?

ደክሞት ነው።

ቀሪዎቹን ያልፋል፣ እግሩ ደህና ነው። ዐርብ ባንዲራው ይሰጠዋል፣ ሻምበሉ ፊት ቆሞ ንግግር ያደርጋል፣ የለመደውን ይናገራል፣ አንድ ሠራዊት አንድ ሚዛን፣ ከዚያ ያቺን ቃል ሊል አፉን ይከፍታል፣ ቁጥር ይላል፣ ዓይኑ ሳይፈልግ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ይሄዳል፣ እሷም እዚያው ናት፣ ቀጥ ብላ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ በሚያዛት ሁሉ ጊዜ እዚያው ናት፣ ተነሽ ሲላት አቤት፣ ሂጂ ሲላት አቤት፣ ጥፋት ፈልጎ እንኳ ሊቀጣት አይችልም፣ ሊያዛውራት አይችልም፣ ሊያመሰግናት አይችልም። ካርዱም አለ፣ በእሱ እጅ የተጻፈ፣ ሁለት ፊደል።

በእሷም እጅ። አሥራ አምስት ብላ የጻፈችው አንዱ ቁጥር ጠማማ ነው፣ እሷ ቁጥር አጣማ ጽፋ አታውቅም። አባቷ ያን ጠዋት ጀልባው ውስጥ ሲስቅ እጁ ምን ይሠራ ነበር፣ ገመድ ይጠቀልል ነበር፣ ጠቅልሎ ፈትቶ ደግሞ ይጠቀልል ነበር። ይሁን። ይሁን አልኩ።

ነክቶ ነበር። ሱሪዋ ክርኗን ዳስሷል። ውርጭም ነበር።

አሁን ግን የምትቀጥለው ተፈታኝ መጥታ ሣሩ ላይ ትተኛለች፣ ተራ ወታደር ናት፣ ቀጭን፣ ከሥር ቀና ብላ ኦዴትን ታያታለች፣ ሃምሳ አለቃ ይቅርታ፣ ልክ ሳልሠራ ብቀር ይነግሩኛል?

ቁጥሩን ትሰሚያለሽ፣ ትላለች ኦዴት፣ ከዚያ ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ በስተግራ ቆማ የነበረችው ዞራ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ሁለቱም እጆች ከሚታዩበት ከፊት ለፊት ጉልበቷን አጥፋ ቀዩ አፈር ላይ ትቀመጣለች።

ጀምሪ።

አንድ።